ከጥናቱ ዕድሜ የረዘመ እገዳ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዢል-ኤሪክ ሴራሊኒና ባልደረቦቻቸው ዘረ መሉ በተለወጠ በቆሎ ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ለሁለት ዓመት በቆሎውን የተመገቡት አይጦች ያወጧቸው ትልልቅ ዕጢዎች ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በኖቬምበር የኬንያ ካቢኔ ልውጠ ሕያዋን የሆነ ምግብ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ አገደ። ኬንያ ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምር፣ በ2009 ሕግ የተደነገገ የራሷ የደኅንነተ ሕይወት ባለሥልጣን ነበራት።

የጥናቱ ድካም ቶሎ ታየ። በየምድቡ ከየጾታው የነበሩት አይጦች 10 ብቻ ነበሩ፤ ዘራቸውም ምንም ቢበላ በእርጅናው ዕጢ የሚያዘወትረው ነው። በ2013 መጨረሻ መጽሔቱ፣ ማጭበርበር ባያገኝበትም ውጤቱ ለድምዳሜ አይበቃም ብሎ ጽሑፉን ሰረዘው፤ በ2014 ሌላ መጽሔት መልሶ አተመው። የናይሮቢ እገዳ ግን ንቅንቅ አላለም። ለነገሩ የተቃዋሚዎቹ ክርክር በጤና ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ፓተንት የወጣበት ዘር ገበሬውን የኩባንያ ጥገኛ ያደርገዋል የሚለው ሥጋት በአይጥ ሙከራ የሚፈታ አይደለም።

በኦክቶበር 2022፣ ድርቁ የሰሜን ኬንያን ከብት እየፈጀ ሳለ፣ የፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ካቢኔ እገዳውን አነሣ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በኖቬምበር ማለቂያ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የካቢኔውን ውሳኔ ለጊዜው አገደው።