ከመስጂዱ እስከ ቀብሩ፦ የዎኪንግ ዙሪያ መንገድና ሁለት ጊዜ የተቀበሩት ወታደሮች

 

በሰው አገር የሚኖር ሙስሊም በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀው «መስጂድ የት አለ?» ብሎ ነው። ዓመታት አልፈው፣ ልጆች ተወልደው፣ ጸጉር መሸበት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ «እዚህ ብሞት የት ነው የምቀበረው?» በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን ለጀናዛ ገንዘብ ስታዋጡ፣ ለቀብር ቦታ ስትሯሯጡ ይህን ጥያቄ ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በፊት መልስ የተሰጠባት አንዲት የእንግሊዝ ከተማ አለች። መስጂዱም ቀብሩም በእግር ተዙረው ይታያሉ። ዛሬ አብረን እንዙራቸው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጣቢያው

መንገዳችን የሚጀምረው ከዎኪንግ ባቡር ጣቢያ ነው፤ የሚያበቃውም እዚያው ነው። ዎኪንግ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ትገኛለች። ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ብዙ ነዋሪዎቿ ጠዋት ለንደን ገብተው ሲሠሩ ውለው ማታ ይመለሳሉ። መንገዶቿን ዛፍ ያጠላባቸዋል፤ ቤቶቿ በአጥርና በአትክልት የተከበቡ ናቸው። በለንደን ደጃፍ ያለች ጸጥ ያለች የመኖሪያ ሰፈር ብንላት ያስኬዳል።

የከተማዋ አመጣጥ ግን ለየት ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ሙታኗን የምትቀብርበት ቦታ አጥታ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ሞልቷል፤ ኮሌራው ደግሞ ሰው ይፈጃል። አንድ የቀብር ኩባንያ በዎኪንግ አካባቢ ሰፊ መሬት ገዛና በ1854 ብሩክዉድ የተባለውን ግዙፍ መካነ መቃብር ከፈተ። ከለንደን አስከሬንና ቀባሪ የሚያመላልስ ልዩ ባቡርም ተመደበለት። ኩባንያው ለቀብር ያላስፈለገውን መሬት ቆይቶ እየሸነሸነ ሸጠው። ዛሬ በጣቢያው ዙሪያ የምናየው ከተማ በአብዛኛው የበቀለው በዚያ መሬት ላይ ነው። ለሙታን የተገዛ መሬት ለሕያዋን ቤት ሆነ ማለት ነው።

2. በዛፎቹ መሃል ያለው ጉልላት

ከጣቢያው ወጥተን የባቡሩን ሐዲድ ተከትለን ወደ ምሥራቅ እንሂድ። ኦሪየንታል ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ ጥቂት እንደተራመድን በረጃጅም ዛፎች መሃል ጉልላት ብቅ ይላል። ሻህ ጃሃን መስጂድ ነው። በ1889 ተሠራ። በብሪታንያ ምድር ከመሠረቱ መስጂድ እንዲሆን ታስቦ የተገነባ የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው። በሊቨርፑል አብደላህ ኩዊልያም የመሠረተው መስጂድ በዚያው ዘመን የነበረ ቢሆንም፣ እሱ ቀድሞ የተሠራን መኖሪያ ቤት ለሶላት የቀየረ ነበር።

ያሠራው ሰው ሙስሊም አልነበረም። ጎትሊብ ቪልሄልም ላይትነር ይባላል። በ1840 በሀንጋሪ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱ ኢስታንቡል ኖሮ ቱርክኛና ዐረብኛ ተማረ። በኋላ ወደ ሕንድ ሄዶ በላሆር የመንግሥት ኮሌጅ ርዕሰ መምህር ሆነ፤ ለፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ መመሥረትም ብዙ ደከመ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በዎኪንግ ባዶ የቀረ ትልቅ ሕንጻ ገዝቶ የምሥራቅ ቋንቋዎችና ባህሎች ተቋም ከፈተ። ጎዳናው ኦሪየንታል ሮድ የተባለው በዚህ ተቋም የተነሳ ነው። ወደ ተቋሙ የሚመጡ ሙስሊሞች የሚሰግዱበት ስለሚያስፈልጋቸው መስጂድ ሊያሠራ አሰበ።

ገንዘቡን በዋናነት የሰጠችው ሴት ናት። የቦፓል ገዢ የነበረችው ሻህ ጃሃን በጉም። ቦፓል በሕንድ ከነበሩት የሙስሊም ግዛቶች አንዷ ስትሆን በጉም ከ1868 እስከ 1901 ገዝታታለች። በራሷ ከተማም ታጁል መሳጂድ የተባለውን እጅግ ትልቅ መስጂድ አስጀምራ ነበር። ያ መስጂድ ሳያልቅ እሷ ሞተች፤ የተጠናቀቀው በ1985 ነው። እዚያ በአገሯ ያስጀመረችው ሳይፈጸም፣ ከባሕር ማዶ ለማታውቃቸው ሰዎች የሰጠችው ግን ቆሞ አየን። ስሟም እስከ ዛሬ በዎኪንግ ይጠራል። ለሶደቀቱል ጃሪያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል?

ነገር ግን ላይትነር በ1899 ሲሞት መስጂዱ ሰጋጅ አጣ። ተቋሙ ተዘጋ፤ በሩም ተቆለፈ። ወራሾቹም ንብረቱን ሊሸጡት አሰቡ። የተቋሙ ሕንጻ ውሎ አድሮ ፋብሪካ ሆነ፤ ዛሬ በቦታው የገበያ አዳራሽ ቆሟል። መስጂዱም ያው ዕጣ ሊደርሰው ይችል ነበር። በ1912 ኸዋጃ ከማሉዲን የተባለ ጠበቃ ከላሆር መጣ። ከሌሎች ሙስሊሞች ጋር ሆኖ መስጂዱ እንዳይሸጥ ተከራከረ፤ በ1913ም በሩ እንደገና ተከፈተ። ከማሉዲን የአሕመዲያ ንቅናቄ የላሆር ክንፍ ሰው እንደነበር መደበቅ አይገባም፤ በዚህ ላይ ያለው የዐቂዳ ልዩነት የታወቀ ነው። መስጂዱ በ1960ዎቹ ወደ ሱኒዮች አስተዳደር ተዛውሯል። በታሪክ ሚዛን ግን ያንን በር ማን እንደከፈተው መናገር አማና ነው።

በሩ ሲከፈት ሰው መጣ። በ1913 ሎርድ ሄድሊ የተባለው የእንግሊዝ መኳንንት ሰለመ። ቁርኣንን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ማርማዱክ ፒክታል በዚህ መስጂድ ተመላልሷል። ለዒድ ደግሞ ሕንዱም፣ ዐረቡም፣ እንግሊዛዊውም ከየአቅጣጫው በባቡር ይመጣ ነበር። መስጂዱ ጠባብ ስለነበረ ሶላቱ በግቢው ሣር ላይ ይሰገድ ነበር።

3. ቦዩን ተሻግረን

ከመስጂዱ ወጥተን የባቡሩን ሐዲድ አልፈን ወደ ሰሜን ስናቀና የባሲንግስቶክ ቦይ ያጋጥመናል። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ዕቃ በጀልባ እንዲጓጓዝበት ተቆፍሮ በ1794 የተጠናቀቀ የውኃ መንገድ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ሥራው ቀነሰ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደለልና አረም ዋጠው። ከዚያ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ለብዙ ዓመታት ጭቃውን እየዛቁ፣ የፈረሰውን እየጠገኑ በ1991 እንደገና አስከፈቱት። ዛሬ ዳርና ዳሩ ጥላ የሆነ የእግር መንገድ ነው። ይህን በልባችን ይዘን እንሻገር፤ ወደፊት ይጠቅመናል።

4. የ27ቱ ቀብር

ከቦዩ ማዶ ሆርሰል ኮመን የተባለ ሰፊ ጫካና ሜዳ አለ። በጫካው ጠርዝ ላይ ለእንግሊዝ አገር እንግዳ የሆነ ነገር እናያለን፤ የጡብ አጥር፣ ቅስት ያለው በር፣ በበሩ አናት ላይ በሕንድ አሠራር የተሠራ ትንሽ ጉልላት። ይህ የሙስሊም ወታደሮች መካነ መቃብር ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ብሪታንያ የሕንድ ወታደሮችን ወደ ፈረንሳይ ግንባር አመጣች። ከመካከላቸው ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ። የቆሰሉት ወደ ደቡብ እንግሊዝ ሆስፒታሎች ተላኩ፤ በብራይተን የነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረው ሳይቀር ሆስፒታል ሆኖላቸው ነበር። ቁስሉ የጠናባቸው እዚያው ሞቱ።

እዚህ ላይ ፖለቲካ ገባ። የቱርክ ኸሊፋ ከጀርመን ጎን ተሰልፎ ነበር። ጀርመኖችም «እንግሊዞች ሙስሊም ወታደሮቻችሁን በሃይማኖታቸው ሥርዓት አይቀብሯቸውም» እያሉ ወሬውን ይነዙ ጀመር። የዎኪንግ መስጂድ ኢማም የነበረው መውላና ሰድሩዲንም ለሟቾቹ ተገቢ መቀበሪያ እንዲሰጥ ጠየቀ። የእንግሊዝ መንግሥት ለመስጂዱ የሚቀርብ ቦታ መረጠ፤ ግንባታው ከ1915 እስከ 1917 ተካሄደ። ለሂንዱና ለሲክ ወታደሮች ደግሞ አስከሬናቸው በተቃጠለበት በብራይተን አቅራቢያ ባለ ኮረብታ ላይ መታሰቢያ ቆመላቸው።

እንግዲህ የቀብር ቦታው የተገኘው በአንድ በኩል ከፍራቻና ከጦርነት ስሌት ነው። በሌላ በኩል ግን ጠያቂ ስለነበረ ነው። ኢማሙ ባይጠይቅ፣ መስጂዱም ከዓመት በፊት ባይከፈት ኖሮ ጀናዛቸውን ማን ይሰግድባቸው ነበር? የመስጂዱ በር መከፈትና የሟቾቹ በወግ መቀበር የአንድ ሰንሰለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች 27 ሙስሊም ወታደሮች እዚህ አረፉ። ከዚያ ጠያቂ አጡ። ቤተሰባቸው ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ የተዋጉለት ኢምፓየርም ከሕንድ ወጥቷል። ቦታው ጫካ ውስጥ ነውና አጥፊዎች እየገቡ ጉዳት አደረሱበት። በመጨረሻ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ አስከሬኖቹ ተነስተው ወደ ብሩክዉድ የወታደሮች መካነ መቃብር ተዛወሩ። ለሰው አገር ጦርነት የሞቱ ሰዎች በሰው አገር ሁለት ጊዜ ተቀበሩ። በሆርሰል የቀረው ባዶ አጥር ነበር፤ እሱም እየፈራረሰ፣ አረም እየወረሰው ብዙ ዓመት ቆየ።

የዎኪንግ ሰዎች ዝም ብለው አልተዉትም። አጥሩና በሩ ተጠገኑ፤ ውስጡም በእስልምና የአትክልት ወግ ውኃና ተክል ያለበት የሰላም መናፈሻ ሆነ። በኅዳር ወር 2015 ተመረቀ። ለ27ቱ ወታደሮች 27 የሂማላያ በርች ዛፎች ተተክለዋል፤ ስማቸውም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ግንዳቸው ነጭ ነው፤ ቆመው ሲታዩ ለሶላት የተሰለፉ ይመስላሉ።

5. አሸዋማው ጉድጓድና ልብ ወለዱ

ከመናፈሻው ወደ ምዕራብ በሆርሰል ኮመን ውስጥ ስንሄድ አሸዋማ ጉድጓድ እናገኛለን። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1895 እና 1896 በዎኪንግ ሲኖር በዚህ አካባቢ ይንሸራሸር ነበር። በ1898 በመጽሐፍ ባወጣው «የዓለማት ጦርነት» ልብ ወለዱ ላይ ከማርስ የመጡት ወራሪዎች የሚያርፉት እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወራሪዎቹ ዎኪንግን ሲደበድቡ ከሚመቱት ነገሮች አንዱም የመስጂዱ ጫፍ ነው! በከተማዋ መሃል የወራሪዎቹ ባለ ሦስት እግር መኪና የብረት ሐውልት ቆሞለታል፤ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። ልብ ወለዱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ መስጂዱ በእውን ተዘጋ። የዘጋው ከማርስ የመጣ ጠላት አይደለም፤ የአካባቢው ሰውም አልነበረም። የዘጋው የሰጋጅ መጥፋት ነው። የወታደሮቹንም ቀብር ለአጥፊ ያጋለጠው የጠያቂ መጥፋት ነው። ያንን ቦይ ደለል የዋጠው የሚያስበው ሲያጣ ነበር፤ የተመለሰውም የሚያስበው ሲያገኝ ነው።

6. ወደ ጣቢያው ስንመለስ

በከተማዋ መሃል አድርገን ወደ ተነሳንበት ጣቢያ ተመለስን። ጊዜ ያለው ሰው በባቡር አንድ ጣቢያ ወደፊት ሄዶ ብሩክዉድን ይዘይራል። 27ቱ ወታደሮች አሁን ያሉት እዚያ ነው። ላይትነር፣ ሎርድ ሄድሊ፣ ፒክታል፣ የሊቨርፑሉ ኩዊልያምም በዚያው መካነ መቃብር ውስጥ ናቸው። ሌላው ታዋቂ የቁርኣን ተርጓሚ አብደላህ ዩሱፍ ዐሊም እዚያ አረፈ። ትርጉሙ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች ቤት የገባው ይህ ሰው በ1953 በለንደን ክረምት መጠጊያ አጥቶ፣ በጎዳና ላይ ተገኝቶ ነው የሞተው። አላህ ይዘንላቸው። ሲሞት የሚያርፍበት የሙስሊም መቃብር አላጣም፤ ቀድመውት የነበሩት አስበውበት ነበርና።

የመስጂዱ ሕንጻ በ2018 በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ወደ ከፍተኛው ደረጃ አድጓል። በ2019 ደግሞ የሙስሊሞችን ታሪክ የሚያስጎበኙ የእግር መንገዶች በዎኪንግና በብሩክዉድ ተከፍተዋል። ማዕረጉ ጥሩ ነው፤ ከማዕረጉ ይልቅ የሚጠብቀው ግን የሰው እግር ነው ብለን እናምናለን። የሚሰገድበት መስጂድ አይዘጋም፤ የሚዘየር ቀብርም አይረሳም።

በለንደንና በአካባቢው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች! አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ይህን መንገድ ዙሩት። ዙህርን በመስጂዱ ስገዱ፤ በመናፈሻው ቁሙና የተቀረጹትን ስሞች ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ልጆቻችሁ በዚያ አገር የሙስሊም አሻራ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እንደነበረ በዓይናቸው ይዩ። በአገር ቤት ያላችሁም በየሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ መስጂድና የአባቶቻችሁን መቃብር ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳረፈበት ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አላህ በሰው አገር ለወደቁት ይዘንላቸው፤ እኛንም ከሚያስታውሱት ያድርገን። አሚን።

ያነበባችሁትን ለሌሎች አካፍሉ። ወሰላሙ ዐለይኩም!