የመኖሪያ ቤት አጥርና የግቢ በር በመቀሌ

የመኖሪያ ቤት አጥር የይዞታን ወሰን የሚያሳይ፣ ሰውና እንስሳ እንዳሻው እንዳይገባ የሚያግድ፣ ግቢን ከነፋስና ከመንገደኛ ዓይን የሚጋርድ ግንባታ ነው። የግቢ በር ደግሞ ይህ እገዳ በባለቤቱ ፈቃድ የሚነሣበት መተላለፊያ ነው። በመቀሌ አጥር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ድንጋይ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንታሎ በሚባለው የኖራ ድንጋይ አካባቢ ስለምትገኝ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ ከደጇ አይርቅም። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን በመቀሌም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች አንድ እምነት ሰፍኗል፤ ጥሩ አጥር ማለት ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ድፍን ግንብ፣ በላዩ እሾህ ሽቦ ወይም ስባሪ ጠርሙስ፣ በመካከሉም ከላይ እስከ ታች በላሜራ የተደፈነ በር ነው የሚል። ይህ እምነት በማስረጃ ሲመረመር አይጸናም። በመንገድ በኩል ለመቀሌ ግቢ የሚሻለው ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የሚያሳይ ብረት የሆነ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው አጥር ነው፤ ምክንያቱም ግቢን ከቁመት ይበልጥ የሚጠብቀው መታየቱ ነው።

የትግራይ ደጋ ነዋሪ አጥሩን የሠራው ከእርሻው ላይ ከለቀመው ድንጋይ ነው። ያለ ሲሚንቶ የሚደረደረው ካብ ከብት ይመልሳል፣ ወሰን ያሳያል፤ የክረምት ውሃም በድንጋዮቹ መካከል ስለሚሾልክ አይገፋውም። ህድሞ የሚባለው ባለ አፈር ጣሪያ የድንጋይ ቤት ብዙ ጊዜ የሚቆመው በእንዲህ ያለ ካብ በተከበበ ግቢ ውስጥ ነው። ድንጋይ በማይበዛበት ወይም ጉልበት በሚያጥርበት ቦታ በለስ ሕያው አጥር ይሆናል፤ ውሃ ብዙ አይፈልግም፣ እሾሁ ከብት ያቆማል፣ በክረምትም ፍሬው ይበላል፣ ይሸጣል። ይሁንና ኮቺኒል የተባለው ተባይ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ ስላጠፋ፣ በለስ የሚተክል ሰው ነጩን የጥጥ መሰል ሽፋን በቅጠሉ ላይ ባየ ጊዜ ፈጥኖ መቁረጥና ማቃጠል ይኖርበታል። ከፍ ያለ ግንብ ግን ሌላ ምንጭ አለው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ መሪነት በመቀሌ ያሠሩት ቤተ መንግሥት የድንጋይ ሥራ ምን ያህል ዘመን እንደሚሻገር ያሳያል፤ የቤተ መንግሥት ግንብ ግን ዘበኛ፣ አጋፋሪና የሠራዊት ሰፈር ላለው ጌታ የተሠራ የማዕረግ ምልክት ነው። ዘበኛውና ሰፈሩ በሌሉበት ግንቡን ብቻ መውረስ ማዕረጉን እንጂ ጥበቃውን አያመጣም።

አጥር ለምን እንደሚታጠር በጥንቃቄ የተጻፈ ሕግ የሚሠራበት ቦታ በከተማዋ ምሥራቅ፣ በቁሓ በኩል ይገኛል፤ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ። ማረፊያው የተሰየመው በራስ አሉላ እንግዳ ነው፤ አባ ነጋ የፈረስ ስማቸው ነው። ማኮብኮቢያው 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሁለቱን ጎኖች ብቻ ለማጠር ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ይጠይቃል። አውሮፕላን ማረፊያዎችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 14ኛ አባሪ አጥርን የሚያስበው ከዓላማ ተነሥቶ ነው። በመጀመሪያ ለአውሮፕላን አደጋ የሚሆን ትልቅ እንስሳ እንዳይገባ፣ ቀጥሎም ያልተፈቀደለት ሰው በስሕተትም ሆነ አስቦ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ከዚያ የበለጠ ጥበቃ ሲያስፈልግ መፍትሔው አጥሩን ማስረዘም ነው አይልም፤ በአጥሩ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ይተው፣ ጠባቂ የሚዘዋወርበት መንገድ ይኑር፣ የአጥሩ ሁለቱም ወገኖች በተለይም መግቢያዎቹ በመብራት ይታዩ ይላል። በፍሳሽ ቦይና በቱቦ በኩል መሹለክም እንዲታገድ ያዛል። በየአገሩ ማረፊያዎች የሽቦ መረብ የሚመረጠው በዋጋው ርካሽነት የተነሣ ይመስላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ጠባቂው በመረቡ አሻግሮ ማየቱ ነው። ይህን ያህል ርዝመት በድፍን ግንብ ቢከበብ፣ ከግንቡ ውጭ ቆሞ መሰላል የሚያቆም ሰው የሚታየው ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛና ተዘዋዋሪ ጥበቃ አለው፣ ተራ ቤት ግን የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ትክክል ቢመስልም መልሱ በሰፈሩ ውስጥ አለ። የቤት ጠባቂ ማለት ከማዶ ያለው ባለ ሱቅ፣ በረንዳዋ ላይ ቡና የምታፈላ ጎረቤት፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ በመሸ ጊዜ የሚያልፈው መንገደኛ ነው። እነዚህ ሁሉ ያለ ደመወዝ ይጠብቃሉ፤ ድፍን ግንብ ግን ዓይናቸውን ይዘጋል። አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መንገድን በሰላም የሚያቆየው የነዋሪዎቹ ዓይን መሆኑን አስረድታለች፤ የኪነ ሕንፃ ባለሙያው ኦስካር ኒውማንም በ1972 እ.ኤ.አ. ነዋሪው የራሴ ብሎ የሚያየውና የሚቆጣጠረው ቦታ ከወንጀል እንደሚጠበቅ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ከቤት ሌቦች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችም ሌባ አብዝቶ የሚያመዛዝነው ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንና ከጎረቤት ወይም ከመንገድ መታየቱን እንደሆነ ያሳያሉ። ግንብ የሚሰጠው የደቂቃዎች መዘግየት ነው፤ ያ መዘግየት ዋጋ የሚኖረው በዚያ ጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ነው። ሌባ አንዴ ድፍን ግንብ ከተሻገረ በኋላ ያው ግንብ የእርሱ መጋረጃ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከትግራይ ጦርነት የሚነሣው ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በቆየው ጦርነት የመቀሌ ሰው ብዙ አጥቷል፤ የሲቪል በረራ ወደ አሉላ አባ ነጋ የተመለሰው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። ከእንዲህ ያለ ዘመን የወጣ ሰው በሩን ደፍኖ ግንቡን ቢያስረዝም ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ፍርሃቱ በእውነት ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን የታጠቀን ኃይል የመኖሪያ ቤት ግንብ አያቆመውም፤ ስለዚህ አጥር ሲመረጥ የሚለካው ሊያቆመው በሚችለው አደጋ ነው፤ ይኸውም በሌሊት ሌባ፣ በአጋጣሚ ዘላይ፣ በከብትና በውሻ። በጭንቅ ጊዜ የሚደርሰው ጎረቤት ደግሞ ማየትና መስማት አለበት። ግቢ ውስጥ እሳት ሲነሣ፣ አረጋዊ ሲወድቁ፣ ሕፃን በውሃ ጋን አጠገብ ብቻውን ሲሆን፣ በድፍን ግንብ ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ የለም።

የገበና ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ግቢ ማጠቢያ፣ ማድቤት፣ የቡና ቦታና የልጆች መጫወቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ለመንገደኛ ይታይ ማለት አይደለም። ግቢ አራት ጎን አለው፣ አራቱም አንድ ዓይነት አጥር አይሹም። ከጀርባና ከጎረቤት ጋር በሚያዋስኑት ጎኖች እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ድፍን ድንጋይ ተገቢ ነው። በመንገድ በኩል ግን ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ሜትር ቀጥ ያሉ ብረቶች ይበቃሉ፤ ብረቶቹ አግድም ከሆኑ ለመውጣት መሰላል ስለሚሆኑ ቀጥ ማለታቸው ግዴታ ነው። ማድቤቱና ልብስ ማስጫው ከቤቱ ኋላ ይሁኑ፤ ፊት ለፊት መቀመጥ የሚወድ ሰው መቀመጫውን ብቻ በተክል ይጋርድ። ያኔ ገበናው ይጠበቃል፣ በሩና መስኮቱም ከመንገድ ይታያሉ።

ስለ መሬቱ ሲነሣ የድፍን ግንብ ጉዳት ይበልጥ ይጎላል። በመቀሌ ሜዳማ ክፍሎች ጥቁር የሸክላ አፈር አለ፤ ይህ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተገነባውንም ይዞ ይነሣል ይወርዳል። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የኖራ ድንጋይ ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2.4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ቁመቱ 1.2 ሜትር ቢሆን ክብደቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራውን ንጣፍ እስኪነካ ይቆፈር፣ ግንቡም በየ6 እስከ 8 ሜትሩ ክፍተት ይኑረው፤ አንድ ወጥ ሆኖ የረዘመ ግንብ መሰንጠቂያውን ራሱ ይመርጣል። ግቢው ከመንገዱ ከፍ ካለ አጥሩ አፈር ገፊ ይሆናልና የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለት በመጀመሪያው ከባድ ክረምት ያዘነብላል። ቀዳዳውም፣ ልክ በአውሮፕላን ማረፊያው ሕግ እንደተባለው፣ በብረት መረብ ይዘጋ።

ነፋሱ ሌላው ጉዳይ ነው። ከመቀሌ ደቡብ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው፤ እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚተከለው ነፋስ በማይጠፋበት ምድር ነው። በሰከንድ 25 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚህ ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል፤ 3 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የቆርቆሮ አጥር ክፍል ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል ማለት ነው። የአጥር ቁመት እጥፍ ሲሆን የሚገለብጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በአጠና ላይ የተመታ ቆርቆሮ በየዓመቱ የሚዘመው ለዚህ ነው። ድፍን አጥር አቧራና ነፋስ ይከለክላል የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው፤ ነፋሱ ከላይ አልፎ ከግንቡ ጀርባ ይሽከረከራል፣ አቧራውንም ግቢ ውስጥ ይጥላል። ከገጹ ከ40 እስከ 50 በመቶው ክፍት የሆነ አጥር ወይም የተክል ረድፍ ነፋሱን ረጋ አድርጎ ስለሚያሳልፍ የሚከላው ቦታ ይሰፋል።

በር የአጥሩ ደካማ ቦታ ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ላይ መዋል አለበት። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የመኪና በር፣ የቱቦላሬው ፍሬም ሳይቆጠር፣ ከ150 ኪሎ ግራም ያልፋል። ይህን ክብደት የሚሸከሙት ማጠፊያዎቹና ምሰሶው ናቸው፤ በር ወርዶ መሬት የሚፍቀው አብዛኛውን ጊዜ ምሰሶው ፌሮ ያለው የኮንክሪት ዓምድ ስላልሆነ ነው። የላይኛው ግማሽ ክፍት ብረት ሲሆን ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሚያንኳኳውም ሰው ማን እንደሆነ ሳይከፈት ይታያል። ማጠፊያዎቹ በሩ ወደ ላይ ተነሥቶ እንዳይወጣ ሆነው ይበየዱ፤ ብዙ ሰው ለቁልፍ ውድ ዋጋ ከፍሎ ይህን ይረሳል። ከመኪናው በር ጎን 1 ሜትር የሚሆን የእግረኛ በር ይኑር፤ ትልቁ በር በቀን ዐሥር ጊዜ ካልተከፈተ ዕድሜው ይረዝማል። ስፋቱ ሲወሰን የቤት መኪና ብቻ አይታሰብ፤ መቀሌ የውሃ እጥረት ያለባት ከተማ ናትና የውሃ ቦቴ ይገባል ወይስ ከውጭ በቱቦ ያቀብላል የሚለው አስቀድሞ ይወሰን፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚገባው ሰውና ዕቃም ይታሰብ። ተንሸራታች በር የሚሠራው ከጎኑ የበሩን ያህል ቀጥ ያለ አጥር ሲኖር ነው፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግን ወደ ውስጥ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች ቦታ ይበላል።

ዋጋን የሚያነሣ ሰው ብረት ከድንጋይ ይወደዳል ይላል። በሜትር ሲታይ ልክ ነው፤ ነገር ግን የድንጋዩ ቁመት በግማሽ ሲቀንስ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ የግንበኛ ቀንና የመሠረት ስፋትም አብረው ይቀንሳሉ። ከጊዜ ጋር የሚመጣው ወጪ የብረቱ ቀለም ነው፤ ዝገት መከላከያ ቀለም በየጥቂት ዓመቱ ሊታደስ ይገባል፣ ይህንም በሐቅ መቀበል ያስፈልጋል።

ከመቆፈር በፊት የይዞታ ካርታው ከመሬቱ ጋር ይመሳከር፣ ጎረቤትም ባለበት ወሰኑ ይለካ፤ የሕንፃ አዋጁ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የከተማውን የሕንፃ ሹም ፈቃድ ይጠይቃል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን ማወክና መጉዳት እንደሌለበት ደንግጓል። የመቀሌ የሕንፃ ሹሞችም በመኖሪያ መንገዶች ዳር የሚታጠር ድፍን ግንብ ከ1.2 ሜትር እንዳያልፍ፣ ከዚያ በላይ ያለው የሚያሳይ እንዲሆን ፈቃድ ሲሰጡ ሊጠይቁ ይገባል፤ አዲስ የሚያጥር ባለቤትም የሹሞቹን ጥያቄ ሳይጠብቅ ከራሱ ግቢ ይጀምር።