የመታጠቅ ፈቃድ በአሜሪካ ግዛቶች፦ መብት ወይስ የሹም ችሮታ

በዩናይትድ ስቴትስ ሽጉጥ ታጥቆ ከቤት መውጣትን የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም ከጥንት ጀምሮ በዋነኛነት ግዛቶች ናቸው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 ቢጸድቅም (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ግዛቶችንም እንደሚያስገድድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ2010 ነው። እስከዚያ ድረስ መሣሪያ የመያዝ ዕጣ የተንጠለጠለው በየግዛቱ ሕግ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዳኛ ወይም ፖሊስ አዛዥ ፊርማ ላይ ነበር።

የጥንቶቹ ሕጎች ፈቃድ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቁም። ፔንሲልቬኒያ በ1776 ሕገ መንግሥቷ ሕዝቡ ራሱንና ግዛቱን ለመከላከል መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳለው ደነገገች። ኬንታኪ በ1813 መሣሪያን ልብስ ውስጥ ሸሽጎ መያዝን ብትከለክልም የራሷ ፍርድ ቤት በ1822 ሕጉን ሻረው። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1846 ሸሽጎ መያዝን መከልከል ይቻላል፣ በግልጽ መታጠቅን ግን አይቻልም አለ። ገደቡ ያረፈው በአያያዙ ላይ ነበር፤ ማን ይያዝ የሚለውን ሹም እንዲመርጥ አልተተወም። በእርግጥ ይህ ሁሉ ለነጮች ነበር፤ ባሪያ የተደረጉት ጥቁሮች ከመብቱ ውጭ ነበሩ።

ባርነት ሲያበቃ ፈቃድ የተባለው ነገር ጎልቶ የታየው እነሱን ለማገድ ነው። የሚሲሲፒ ምክር ቤት በ1865 ባወጣው ሕግ ነጻ የወጣ ጥቁር ከአውራጃው ቦርድ ፈቃድ ካላገኘ መሣሪያ ሊይዝ አይችልም ነበር። ኮንግረሱ በ1866 ለነጻ ወጪዎቹ ባወጣው ሕግ የመታጠቅን መብት በስም ጠቅሶ አረጋገጠ፤ አሥራ አራተኛው ማሻሻያም በ1868 ጸደቀ። ግዛቶቹም የሕጎቻቸውን ቋንቋ ለወጡ። ፍሎሪዳ በ1893 ዊንቸስተርና መሰል ተደጋጋሚ ጠመንጃ የሚይዝ ሁሉ የ100 ዶላር ዋስትና አስይዞ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘች። በወረቀቱ ላይ ስለ ዘር የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ሆኖም በ1941 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሪቨርስ ቡፎርድ ሕጉ የወጣው ጥቁር የቀን ሠራተኞችን ትጥቅ ለማስፈታት እንደነበርና በነጩ ላይ እንዲሠራ ፈጽሞ ታስቦ እንደማያውቅ በግልጽ ጻፉ። ለሹም የተተወ ሥልጣን በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በሰሜኑ የኒው ዮርክ ምሳሌ ገንኖ ወጣ። በ1911 መጀመሪያ ደራሲው ዴቪድ ግራሃም ፊሊፕስ በከተማዋ እምብርት በጥይት ከተገደለ በኋላ፣ የታማኒ ሆል የፖለቲካ ድርጅት ሰው የነበሩት ሴናተር ቲሞቲ ሱሊቫን በስማቸው የሚጠራውን ሕግ አጸደቁ። በሕጉ መሠረት ሽጉጥ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ በ1913 ደግሞ ታጥቆ ለመውጣት «በቂ ምክንያት» ማቅረብ ግዴታ ሆነ። ፍርድ ቤቶች ቆይተው ይህን ከሌላው ሰው የተለየ ሥጋት ብለው ተረጎሙት። አደገኛ ሰፈር መኖር ወይም ሌሊት ሠርቶ መግባት አይበቃም ነበር። ባለጸጋውና ዝነኛው ምክንያቱ ሲሰማለት ባለሱቁ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

በአላባማም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በጥር 1956 ሞንትጎመሪ ያለው ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ የሽጉጥ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። በካሊፎርኒያ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት የኦክላንድ አባላት ጠመንጃ ይዘው ፖሊስን መከታተል ሲጀምሩ፣ የምክር ቤት አባሉ ዶን መልፎርድ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክል ሕግ አቀረቡ። ፓንተሮቹ በግንቦት 1967 ታጥቀው ሳክራሜንቶ ምክር ቤት ገቡ፤ በሐምሌ አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን ሕጉን ፈረሙ።

ሌላም መንገድ ነበር። ቨርሞንት ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም፤ የሩትላንድ ከተማ መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ ከንቲባውን ወይም የፖሊስ አዛዡን እንዲያስፈቅድ ያወጣችውን ደንብ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1903 ሽሮታል። ትልቁ ለውጥ ግን ከ1987ቱ የፍሎሪዳ ሕግ ተከተለ፦ ሥልጠና የወሰደና ከወንጀል ነጻ የሆነ አመልካች ፈቃዱን ያገኛል፣ ሹሙ በግል አስተያየት አይነፍገውም። ተቃዋሚዎች መኪና በተጋጨ ቁጥር ሰው ይገዳደላል ብለው ነበር። ይሁን እንጂ በመሣሪያ ወንጀል ፈቃዳቸው የተሰረዘባቸው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በጠቅላላ ወንጀል ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ተመራማሪዎችን እስካሁን ያከራክራል።

ቴክሳስን ያነቃነቃት የሱዛና ሃፕ ምስክርነት ነው። በጥቅምት 1991 በኪሊን ከተማ አንድ ገዳይ መኪናውን የሉቢስ ምግብ ቤትን መስኮት ጥሶ አስገባና 23 ሰዎችን ገደለ። ከወላጆቿ ጋር እዚያ የነበረችው ሃፕ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ ሽጉጧ ግን የለም። ሕጉ ስለሚከለክልና የሙያ ፈቃዷን እንዳያሳጣት ስለፈራች መኪናዋ ውስጥ ትታዋለች። ገዳዩን ሊይዙ የተወረወሩት አባቷም፣ ከእሳቸው አልለይም ያሉት እናቷም እዚያው ሞቱ። ቁጣዋ ያረፈው ሕግ አክብራ ባዶ እጇን እንድትገኝ ባደረጓት ሕግ አውጪዎች ላይ ነበር፤ ይህንንም በየምክር ቤቱ እየዞረች ተናገረች። በ1993 አገረ ገዢ አን ሪቻርድስ የመታጠቅ ሕግን ውድቅ አደረጉ፤ በ1995 ጆርጅ ቡሽ ፈረሙት። ሃፕ በ1996 ራሷ ለምክር ቤቱ ተመረጠች።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመራ። በ2008 የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ እገዳ ያስሻረው ዲክ ሄለር በሥራው ታጥቆ የመንግሥት ሕንፃ የሚጠብቅ፣ ቤቱ ግን ሽጉጥ ማስቀመጥ የተከለከለ ጥበቃ ነበር። በ2010 ቤታቸው በተደጋጋሚ የተዘረፈው አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊ ኦቲስ ማክዶናልድ የቺካጎን እገዳ ረቱ፤ ድሉ የተገኘው ለነጻ ወጪዎቹ በጸደቀው በአሥራ አራተኛው ማሻሻያ ነው። በሰኔ 2022 ደግሞ የኒው ዮርክ «በቂ ምክንያት» በ6 ለ3 ድምፅ ወደቀ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ሳምንት መሣሪያ የማይገባባቸውን ቦታዎች ዝርዝር እጅግ ያስረዘመ አዲስ ሕግ አወጣች፤ እሱም ወዲያው ክስ ተመሠረተበት። እስከ 2024 ድረስ 29 ግዛቶች ያለ ፈቃድ መታጠቅን ፈቅደዋል።