በመካ የቆመው የማተሚያ መኪና

ወደ ተቀደሰ ስፍራ የተጓዘ መንገደኛ ለወገኖቹ በረከት ይዞ መመለስ ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። በባሕር መጥቶ በጅዳ ወደብ የሚወርደው የእስልምና ተከታይም ከመካ ሲመለስ የዘምዘምን ውሃ ይዞ ይሄድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1883 ወዲህ ግን በጓዙ ውስጥ አዲስ ነገር ተጨመረ፤ እርሱም በዚያችው በመካ የታተመ መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን ሒጃዝን ያስተዳድር የነበረው የቱርክ ሹም ዑስማን ኑሪ ፓሻ በከተማዪቱ የመንግሥት ማተሚያ ቤት አቆመ። ጉተንበርግ በጀርመን አገር መጽሐፍ ቅዱስን ካተመ ከ400 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

በብዕር ሲገለብጥ ለኖረ ጸሐፊ የመኪናው ሥራ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ፊደል ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎችን ከሣጥን እያነሣ በግልባጭ ይደረድራል፤ በላያቸው ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፋል፤ መኪናው በተጫነው ጊዜም ገጹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ታትሞ ይወጣል።

ማተሚያ ቤቱ በዓረብኛ፣ በቱርክኛና በማላይኛ ያትም ነበር። የማላይኛውን መጻሕፍት የሚመለከቱትና የሚያርሙት ከፋጣኒ የመጡት ሊቅ ሼክ አሕመድ ነበሩ። አራሚ የሚያስፈልግበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የብራና ጸሐፊ ቢሳሳት ስሕተቱን ፍቆ ያቀናዋል፤ በመኪና የተሳተ ቃል ግን በሺህ ቅጂ ተባዝቶ ባሕር ይሻገራል።

ይህን ፈተና የኢትዮጵያ መነኮሳት ቀድመው አውቀውት ነበር። በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ቶማስ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለውን ጀርመናዊ ግእዝ አስተምረውት በ1513 መዝሙረ ዳዊት ታተመ። ከ35 ዓመት በኋላ በዚያው ገዳም አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ፣ መነኮሳቱም የማተምን ጥበብ አያውቁም ነበርና፣ አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ስሕተቱ አንባቢዎችን ይቅርታ ለመኑ።

በመካም ጥንቃቄው አልቀረም። በሒጅራ 1369 ዓመት በከተማዪቱ የታተመውን ቁርኣን መሐመድ ጣሂር አል ኩርዲ አስቀድመው በእጃቸው ጻፉት፤ ሊቃውንት መረመሩት፤ ከዚያ በኋላ ወደ መኪናው ገባ።

እንግዲህ መኪናው የሚደነቅ በፍጥነቱ ነው፤ መጽሐፉ የሚታመን ግን በአራሚው ትዕግሥት ነው። የታተመ መጽሐፍ ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስ ተሳላሚ፣ ስሙ በገጹ ላይ ያልተጻፈውን አራሚ በጸሎቱ ያስበው።