ነጠላው በርቶ ፊቱ ሲጠፋ

በ1981 ዓ.ም. ሶዶ ከተማ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሙያውን ስማር መጀመሪያ የተበላሸብኝ የአንዲት እናት ፎቶ ነው። ከአረካ ከልጃቸው ጋር የመጡት በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን ነበር። ልጁ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መሥመር ያለው ዱንጉዛ ለብሷል፤ እሳቸው አዲስ የታጠበ ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል። በዘኒት ካሜራዬ አናት ላይ ያለችው የብርሃን መለኪያ መርፌ ባሳየችኝ ልክ አነሳሁ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የነጠላው ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የእማማ ፊት ግን ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ፎቶውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ፣ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ያነሳኸው እኮ ነጠላዬን ነው» አሉኝ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ አልተቆጡኝም። ካሜራውን ወደ እጄ አስጠግተው «መርፌዋ የምታምነው ነጠላውን ነው። መጀመሪያ የእጅህን ጀርባ ለካ፤ ከዚያ ትንሽ ቀንሰህ አንሳ» አሉኝ። መዳፍ አይሆንም፤ መዳፋችን ከፊታችን ይነጣል። የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ከፊቱ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ጠይሙ ፊት ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ለፎቶ የሚለብሰው ነጭ ነው።

ካሜራ አገራችን ከገባ ቆይቷል። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች የፎቶ ዕቃቸውን ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱት፤ ቶኒ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያነሳ ነበር። ከቤተ መንግሥት የተነሳው ሙያ ቀስ እያለ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ። መታወቂያው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ሲጠይቅ በእኛም ከተሞች መጋረጃና አንድ ወንበር ያላት ፎቶ ቤት ተከፈተች።

የምንገዛው የቀለም ፊልም ግን የተሠራው ሌላ ፊት ታስቦ ነበር። ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የቀለም ማመሳከሪያ እንዲሆን ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ካርዱ «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ተስተካክሏል ማለት ነበር። ኩባንያው ለቡናማ ቀለም መጨነቅ የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የምርታችን ልዩነት በፎቶ አይታይም ብለው አቤት ካሉ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ የእማማ ፎቶ ትዝ ብሎኝ አንጀቴ አረረ። ቸኮሌት የተሰማውን ያህል የእናቶቻችን ፊት አልተሰማም ነበር።

ፊልሙን የሚተካው ደግሞ በሌላ በኩል እየመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ቤል ላብስ ውስጥ ሲሲዲ የተባለውን የብርሃን መቀበያ (ሴንሰር) ፈጠሩ፤ በ2009 ኖቤል ተሸለሙበት። አሠራሩን ለልጆች የማስረዳው በደቦ ነው። ሰዎች ተሰልፈው ዝናብ በባልዲ ያጠራቅማሉ፤ ከዚያ ውኃውን እየተቀባበሉ ጫፍ ላይ ለቆመው አንድ ሰፋሪ ያደርሳሉ። ባልዲው ፒክስል ነው፤ ዝናቡ ብርሃን። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ቅብብሉ ግን ብዙ ኃይል ይበላል። የናሳው መሐንዲስ ኤሪክ ፎሰም የጠፈር ካሜራ ለማሳነስ ሲጥር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ባልዲ የራሱ ሰፋሪ እንዲኖረው አደረገ። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶቢት የሚባል ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ2001 ማይክሮን ገዛው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው የስልክ ካሜራ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ቀለሙም ሽመና ነው። የኮዳኩ ብራይስ ባየር ፒክስሎቹን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሸፈናቸው፤ ዓይናችን ለአረንጓዴ ስለሚነቃ ግማሹን አረንጓዴ አደረገ። ሸማኔ ዱንጉዛውን በቀለም ተራ እንደሚያበጀው ማለት ነው።

ለእኛ የሚበጀው እርምጃ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ይመስለኛል። ከጠይም ፊት የሚመለሰው ብርሃን ጥቂት ነው፤ የስልክ ባልዲ ደግሞ በጣም ትንሽ ነች። ጥቂት ብርሃን ስትሰፍር ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በቀድሞው ሴንሰር ላይ ሽቦዎቹ ከፊት ተዘርግተው ብርሃኑን ይጋርዱ ነበር፤ መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ ቤቱን እንደሚያጨልመው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ያወጣው ሴንሰር ግን ተገልብጦ ብርሃኑን በጀርባው ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም የጀመረው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ደግሞ የቴክኖ ስልኮቹን ካሜራ ለጥቁር ፊት እንዲስማማ አድርጎ አስተካከለ፤ ገበያም አገኘበት። ጋሼ በአንድ እጅ ጀርባ የሠሩትን ኩባንያው በሚሊዮን ለሚሸጥ ዕቃ ሠራው።

ዛሬ አረካ ውስጥ በፎቶ ቤቴ የምውለው የስልክ ፎቶ ሳትም ነው። ባለፈው ጊፋታ አንዲት ተማሪ ነጠላ ያጣፉ አያቷን ደጄ ላይ አቁማ ስታነሳ ፊታቸው ጠቆረባት። «ስክሪኑ ላይ የአያትሽን ፊት ንኪው» አልኳት። ነካችው። ነጠላው ይበልጥ ነጣ፣ ፊቱ ወጣ፤ የግንባራቸው መሥመርና የጉንጫቸው ጥቁር ነጥብ ሳይቀር ታየ። ልጅቷ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው የምትማረው። ማሽን ፊታችንን የሚያውቀው የሚያውቀን ሰው ሲያስተምረው ነውና ያን ሥራ እንድትይዘው አጥብቄ መከርኳት።

አያትየዋ ያተምኩላቸውን ፎቶ ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ቆመው አዩት። ከዚያ ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙት።