የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላዎች

«ሃውንድ ዶግ» የተሰኘው ዘፈን ሲነሣ ብዙው አድማጭ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ኤልቪስ ፕሪስሊን ነው። ይሁን እንጂ ዘፈኑ ወደ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ድምፅ በሸክላ ተቀርፆ ነበር። የሁለቱ ሸክላዎች ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ፣ ለአንድ ዘፈን ሕይወት የሰጠው ድምፅ ከዘፈኑ ፍሬ ምን ያህል ተቋዳሽ እንደ ነበረ ለመረዳት ይቻላል።

ዊሊ ሜይ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1926 በአላባማ ተወለደች። አባቷ ሰባኪ፣ እናቷ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበሩ። ገና በልጅነቷ ከተጓዥ የትርዒት ቡድን ጋር ተቀላቅላ የደቡብ ከተሞችን ዞረች። በ1951 በሂዩስተን ከተማ ከሚገኘው የፒኮክ ሸክላ አሳታሚ ጋር ተዋዋለች። የአካሏ ግዝፈትና የድምፅዋ ኃይል «ቢግ ማማ» የሚለውን ስም አትርፎላታል።

በ1952 የባንድ መሪው ጆኒ ኦቲስ ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉትን ሁለት ነጭ ወጣቶች የቶርንተንን ልምምድ እንዲያደምጡ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ቤቱ ጠራቸው። ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። ድምፅዋን እንደ ሰሙ ለእርሷ የሚስማማ ዘፈን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። የግጥሙ መልእክት በእርሷ ላብ የሚኖረውን ሰነፍ ወንድ ከደጇ የምታባርር ሴት ቁጣ ነው። ቀረፃው በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ቀን ተከናወነ። ቶርንተን ቃላቱን እያጓራች፣ በመካከሉም እየተናገረች ስትዘፍን የፒት ሉዊስ ጊታር ይመልስላታል፤ በመጨረሻም የባንዱ አባሎች እንደ ውሻ ይጮኻሉ። ሸክላው በ1953 ወጥቶ በሪዝም ኤንድ ብሉዝ የሽያጭ ዝርዝር ሰባት ሳምንት የአንደኝነትን ደረጃ ያዘ።

ከዚህ በኋላ ዘፈኑ መልኩን ለወጠ። ፍሬዲ ቤልና ባንዱ ግጥሙን አሻሽለው በ1955 በሸክላ አወጡት። ምስኪኗ ሴት ከታሪኩ ወጣች፤ ሰነፉ ወንድም በእውነት ማደን የማይችል ውሻ ሆኖ ቀረ። ኤልቪስ በ1956 በላስ ቬጋስ የሰማው ይህንኑ ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1956 በኒው ዮርክ 31 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ዘፍኖ ቀረፀው። ሸክላው በአሜሪካ ለአሥራ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ በሚሊዮን ቁጥርም ተሸጠ።

እዚህ ላይ ዘፈኑ ከቶርንተን ተሰረቀ ማለት ትክክል አይሆንም፤ ደራሲዎቹ ሌሎች ናቸውና። ነገር ግን የደራሲነት ሕጉ የሚያውቀው በወረቀት የሰፈረውን ግጥምና ዜማ ብቻ ነበር። ማጓራቱ፣ የንግግሩ ምት፣ ቃሉን ጎትታ የምትለቅበት መንገድ በሕጉ ዘንድ ዋጋ አልነበረውም። ቶርንተን ራሷ ከዘፈኑ ያገኘችው አምስት መቶ ዶላር ያህል ብቻ መሆኑን ትናገር ነበር። የራሷ ድርሰት የሆነውን «ቦል ኤንድ ቼይን» እንኳ በ1967 በሞንተሬይ የሙዚቃ በዓል ለዓለም ያስተዋወቀችው ጃኒስ ጆፕሊን ናት።

ቢግ ማማ ቶርንተን በ1984 በሎስ አንጀለስ በ57 ዓመቷ አረፈች። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟን የመዘገበው በ2024፣ ከሞተች ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ኤልቪስ ግን እዚያው የተመዘገበው አዳራሹ የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች በተቀበለበት በ1986 ነበር።