«ኤጅ ኦፍ ቱሞሮው» የማን ታሪክ ነው? አንድ የጃፓን ልቦለድ የቶም ክሩዝ ፊልም እስኪሆን

ቶም ክሩዝ ይሞታል። ይነቃል። እንደገና ይሞታል፤ እንደገና ይነቃል።

«ኤጅ ኦፍ ቱሞሮው»ን ያየ ሰው ይቺን ነገር አይረሳትም። ታሪኩ ግን ሆሊውድ ውስጥ አልተወለደም። የጃፓን ልቦለድ ነው። ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ሲሄድ ምን ተቀየረ? ምንስ ሳይነካ ቀረ? ለእኛስ ምን ያስተምረናል? አንድ በአንድ እንየው።

(ማሳሰቢያ፦ የሁለቱም መጨረሻ ከታች ተጽፏል። ፊልሙን ያላያችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።)

መጽሐፉ

ደራሲው ሂሮሺ ሳኩራዛካ ይባላል። «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ኪል» የተሰኘው ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ በሹኤይሻ አሳታሚነት ወጣ። ጃፓኖች «ላይት ኖቭል» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ለወጣቶች የሚጻፍ፣ በመሀል ሥዕል ያለበት፣ ቶሎ የሚነበብ ልቦለድ።

ዋናው ሰው ኬይጂ ኪሪያ ነው። ገና ከሥልጠና የወጣ ወታደር። «ሚሚክ» ከሚባሉ ምድርን ከወረሩ ፍጡራን ጋር በመጀመሪያ ውጊያው ላይ ይገጥማል፤ ይሞታል። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ከውጊያው በፊት ባለው ቀን፣ አልጋው ላይ ነው። ያው ቀን ከ150 ጊዜ በላይ ይመላለስበታል።

ሐሳቡ የመጣው ከቪዲዮ ጌም ነው። ጌም የምትጫወቱ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፦ ትሞታለህ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፣ ጠላት ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን አሁን ታውቃለህ። ኬይጂ ጎበዝ ሆኖ አልተወለደም። ደጋግሞ ስለሞተ ነው ጎበዝ የሆነው።

ወደ ሆሊውድ

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 በቪዝ ሚዲያ በኩል በእንግሊዝኛ ወጣ። ዳንቴ ሃርፐር የተባለ ጸሐፊ ወደ ፊልም ጽሑፍ ቀየረውና በ2010 ዋርነር ብራዘርስ ገዛው። ዳይሬክተሩ «ዘ ቦርን አይደንቲቲ»ን የሠራው ደግ ላይመን ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ በብዙ እጅ አለፈ። መጨረሻ ላይ ስማቸው የተጻፈው ክሪስቶፈር ማኳሪ እና ሁለቱ ወንድማማቾች ጄዝና ጆን-ሄንሪ ባተርወርዝ ናቸው።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሰኔ 6 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ለእይታ በቃ። ወጪው 178 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በዓለም ዙሪያ ከሲኒማ ቤት የሰበሰበው ደግሞ ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ከትኬቱ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ የማስታወቂያው ወጪም ለብቻው ነው። ስለዚህ ስቱዲዮው እንደጠበቀው ያህል የፈነዳ ፊልም አልነበረም። ዝናው ያደገው በኋላ፣ ሰው ቤቱ እያየ ሲቀባበለው ነው።

ምን ተቀየረ?

ጀግናው፦ ኬይጂ ወጣት ምልምል ነው። የፊልሙ ዊሊያም ኬጅ ግን በዕድሜ የገፋ መኮንን ነው፤ ሥራው በቴሌቪዥን ቀርቦ ሌላው እንዲዘምት መቀስቀስ። ራሱ ግን ፈሪ ነው። ለምን ተቀየረ? ቶም ክሩዝ ያኔ 50 ዓመት ሞልቶት ስለነበር አዲስ ምልምል ነው ቢባል ማን ያምናል። ደግሞም ጀግና ሆኖ የምናውቀውን ሰው ሲርበተበት ማየት ያስቃል። መጽሐፉ ጨለም ያለ ነው፤ ፊልሙ ሳቅ ጨመረበት።

ቦታው፦ የመጽሐፉ ውጊያ ጃፓን ነው። ፊልሙ መነሻውን ለንደን፣ ውጊያውን የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ አደረገው። ይህ የምዕራቡን ተመልካች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲን ወረራ እንዲያስታውስ ያደርገዋል። ፊልሙ የወጣበት ሰኔ 6 ራሱ የዚያ ወረራ 70ኛ ዓመት ነበር።

ሪታ፦ በሁለቱም ሪታ ቭራታስኪ አለች፤ በሁለቱም ከእሱ በፊት ይኸው ድግግሞሽ ደርሶባታል። በመጽሐፉ ትልቅ መጥረቢያ ይዛ የምትዋጋ አሜሪካዊት ናት። በፊልሙ እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ብለንት ተጫወተቻት። ተዋንያኑ የለበሱት የውጊያ ልብስ ኮምፒውተር ላይ የተሣለ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እውነተኛ ልብስ ነበር።

መጨረሻው፦ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። በመጽሐፉ ድግግሞሹን ለማቆም ከሁለቱ አንዳቸው መሞት አለባቸው። ኬይጂ ሪታን ይገድላል፤ ብቻውን ይቀራል። በፊልሙ ኬጅ የፍጡራኑን ዋና አእምሮ ፓሪስ ውስጥ ያጠፋና እንደገና ይነቃል፤ ሪታ በሕይወት አለች፤ እሱ ፈገግ ይላል። አንደኛው ድል ዋጋ አለው ይላል። ሁለተኛው ተመልካቹን ደስ አሰኝቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ርዕሱም ሳይቀር ተቀይሯል። «ኪል» የሚለው ቃል ወጥቶ «ኤጅ ኦፍ ቱሞሮው» ተባለ፤ በዲስክ ሲሸጥ ደግሞ «ሊቭ ዳይ ሪፒት» የሚለው ጎልቶ ተጻፈ።

ምን አልተቀየረም?

ሞተሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ከሞት በኋላ የሚቀረው ትዝታ ብቻ። አገሩን፣ ስሙን፣ መጨረሻውን ቀይረውም ታሪኩ የሚሄደው ለዚህ ነው። መልኩን ብቻ ወስደው ሞተሩን የጣሉት ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ድራጎንቦል ኢቮሉሽን» ምሳሌ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ከዓመታት በኋላ አድናቂዎችን ይቅርታ ጠይቋል።

ፈቃድስ?

የሳኩራዛካ ታሪክ መብቱ ተገዝቶ ነው የተሠራው። ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1961 «ዮጂምቦ»ን ሠራ። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ያንኑ ታሪክ ሳያስፈቅድ ወደ ካውቦይ ፊልም ለወጠውና ክሊንት ኢስትውድን አነገሠበት። ጉዳዩ በክስ አልፎ በስምምነት ሲያልቅ የጃፓኑ ወገን ከፊልሙ ገቢ 15 በመቶ አገኘ።

ወደ እኛ ስንመጣ

የሰውን ታሪክ ወስዶ በራስ አገር ልክ መስፋት ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። ሲያደብር የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ይባላል። እንስሳቱ የፈረንሳይ ቢሆኑም የተተቸው የአዲስ አበባ ሹም ነበር። ነገሩ ስለገባቸው ነው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ የታገደው። እኚሁ ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁም ዋና ሞዴላቸው የጃፓን ነበር።

እስኪ አሁን የሳኩራዛካን ሞተር መሐል ሜዳ ላይ እንትከለው። ባሕር ዳርቻ የለም፤ ገደል አለ። ልጁ የሚነቃው ወታደር ቤት ሳይሆን ባና ተከናንቦ፣ ውጭ አመዳይ ጥሎ ነው። የሚደጋገመው ቀን የገበያ ቀን ነው። የትኛው በግ በስንት እንደሚሸጥ፣ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ጓሳ ውስጥ ከብት አስገብቶ ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ ያውቃል። ቀኑ ማታ ላይ አንድ ሰው ይሞታል፤ ማዳን አለበት። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ታሪኩ ግን የመንዝ ሆኗል። በሚሊዮን ዶላርም አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሕጉን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት «ቀን የሚደጋገምበት ሰው» የሚለው ሐሳብ ብቻውን የማንም ንብረት አይደለም፤ ሁሉም ሊጽፍበት ይችላል። የተጻፈው ሥራ ግን፣ ገፀ ባሕርያቱና ድርጊቱ፣ የደራሲው ነው። መተርጎምም ሆነ ወደ ፊልም መቀየር የእሱን ፈቃድ ይፈልጋል። የገንዘብ መብቱ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ሲቀመጥ ነው እንጂ ሲመዘገብ አይደለም።

ስለዚህ ዓለም ከተማ፣ ራቤልም ሆነ መሐል ሜዳ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ ታሪክ የምትጽፉ፦ ቀኑን አስቀምጡ፣ ኮፒ ያዙ፣ «ፊልም እናደርግልሃለን» ለሚል ሰው ያለ ጽሑፍ ውል አትስጡ። ሳኩራዛካ ታሪኩ አገሩንና መጨረሻውን ቀይሮ ሲሄድ ስሙ አብሮ ሄዷል። ምክንያቱም ወረቀት ነበረው።

እናንተ ብትሆኑ የትኛውን መጨረሻ ትመርጣላችሁ፤ የመጽሐፉን ወይስ የፊልሙን?